ጠጠሩ ከወጣ በኋላ፦ የካባ ጉድጓድ፣ የከርሰ ምድር ውኃና የመልሶ ማልማት ዕቅድ

እ.ኤ.አ. በ1988 ለአሜሪካዋ የኮሎራዶ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀረበው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ጠጠር ለማውጣት የተቆፈረ ጉድጓድ በሕግ ፊት የውኃ ጉድጓድ ነው ወይስ አይደለም? ቆፋሪዎቹ የፈለጉት ጠጠሩን እንጂ ውኃውን እንዳልሆነ ተከራከሩ። ከካሽ ላ ፑድር ወንዝ የመጠቀም ቀደምት መብት ያላቸው ወገኖች በበኩላቸው ጉድጓዱ ከመሬት በታች ተሸፍኖ ወደ ወንዛቸው ይሄድ የነበረውን ውኃ ለፀሐይ እንዳጋለጠው፣ የሚተነውም የእነሱ ድርሻ እንደሆነ ተናገሩ። ፍርድ ቤቱ ለውኃ ተጠቃሚዎቹ ፈረደ። በዓመቱ የግዛቲቱ ምክር ቤት ወሰን አበጀ። ከዲሴምበር 31 ቀን 1980 በኋላ ጠጠር ሲቆፍር የከርሰ ምድር ውኃን የገለጠ ሁሉ የውኃ ጉድጓድ ፈቃድ ማውጣትና የሚተነውን ውኃ በጸደቀ ዕቅድ መሠረት ለወንዙ መተካት ግዴታው ሆነ።

ይህን ውሳኔ ያስቀደምኩት የጠቅላላውን ጉዳይ መግቢያ በር ስለሚከፍት ነው። ስለ ጠጠር ካባ ሲነገር ውኃው በአንድ ሰነድ፣ መልሶ ማልማቱ በሌላ ሰነድ ይጻፋል፤ ሁለቱንም የሚያዘጋጁት የተለያዩ ባለሙያዎች ናቸው። ብዙውን ጊዜም መልሶ ማልማቱ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚደረስበት ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። እኔ የማምነው ሁለቱ አንድ ጥያቄ እንደሆኑ ነው። የኤክስካቫተሩ አካፋ ከውኃው ወለል በላይ ይቆማል ወይስ ከዚያ በታች ይወርዳል የሚለው ውሳኔ፣ ያ መሬት ከሠላሳ ዓመት በኋላ እርሻ፣ ሐይቅ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ ወይም የቆሻሻ ገደል መሆኑን አስቀድሞ ይወስናል።

ጠጠርና ውኃ አንድ ቦታ የሚገናኙት በአጋጣሚ አይደለም። ግንበኛው የሚፈልገው ጭቃ የሌለበት፣ ታጥቦ የተጣራ ጠጠርና አሸዋ ነው። ወንዝ ወይም የበረዶ ግግር ቅላጭ ለሺህ ዓመታት ሲሸከም ኖሮ ያራገፈው እንዲህ ያለው ቁስ ደግሞ በድንጋዮቹ መካከል ክፍተት ስላለው ውኃን በቀላሉ ይይዛል፣ በቀላሉም ያሳልፋል። በኮሎራዶ ከዴንቨር ከተማ በስተ ሰሜን በሳውዝ ፕላት ወንዝ ዳርቻ የሚገኘው የጠጠር ንብርብር እንዲህ ያለ ነው፤ ከሥሩ ውኃ የማያሳልፍ አለት አለ፣ ውኃውም ከመሬት ገጽ ጥቂት ሜትሮች ዝቅ ብሎ ይገኛል። በስዊድን የኡፕሳላ ከተማ የምትጠጣው የበረዶ ዘመን ጥሎት ከሄደው ረጅም የጠጠር ሸንተረር ውስጥ ነው፤ ከፊሪስ ወንዝ የሚወሰደው ውኃ ሳይቀር በሸንተረሩ ውስጥ ሰርጎ እንዲጣራ ይደረጋል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1996 በተፈጥሮ ጠጠር ላይ ግብር የጣለችውም ሸንተረሮቹ የመጠጥ ውኃ ጎተራ በመሆናቸው ነው። ግንበኞቹ ፊታቸውን ወደ ተፈጨ ዓለት እንዲያዞሩ ተገፉ። ጠጠር ውድ መሆን አለበት ብሎ በሕግ መወሰኑ ትክክል ነበር።

በቅድሚያ ከውኃው ወለል በላይ የሚቆመውን ቁፋሮ እንይ። ይህ አነስተኛ ጉዳት ያለው ነው፣ ጉዳት የለሽ ግን አይደለም። በመሬት ገጽና በውኃው መካከል ያለው ደረቅ ንብርብር ከላይ የሚወርደውን ብክለት የሚያዘገይ፣ ረቂቅ ተሕዋስያንም የሚሞቱበት ማጣሪያ ነው። አሥር ሜትር የነበረው ወደ አንድ ሜትር ሲቀነስ በካባው ወለል ላይ የሚፈሰው ናፍጣ፣ ዘይት ወይም የከብት ፍሳሽ ውኃው ጋር ለመድረስ ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም። የስዊዘርላንድ ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ለመጠጥ በሚበቃ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ገብቶ ጠጠር ማውጣት ክልክል ነው፤ ከውኃው በላይ ሲቆፈርም ውኃው በአሥር ዓመት ውስጥ ከደረሰበት ከፍተኛ ወለል በላይ ቢያንስ 2 ሜትር ያልተነካ ንብርብር መተው አለበት። «የአሥር ዓመት ከፍተኛ» የሚለው ቃል የሕጉ ብልህነት ነው። ደረቅ በሆነ ዓመት፣ በደረቅ ወር የተለካ ውኃ ሁልጊዜ ጥልቅ ይመስላል፤ ካባው ተቆፍሮ ጥሩ ክረምት ሲመጣ ወለሉ በውኃ ይሞላል፣ «ደረቅ» ተብሎ የተፈቀደው ጉድጓድም ሳይታሰብ ኩሬ ይሆናል።

ነገሩ የሚወሳሰበው አካፋው ውኃው ውስጥ ሲገባ ነው። የከርሰ ምድር ውኃ ወለል ጠፍጣፋ አይደለም፤ ውኃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ቀስ እያለ ያዘነብላል። ሐይቅ ግን ጠፍጣፋ ነው። ስለዚህ ባዘነበለ ውኃ መካከል ጠፍጣፋ ሐይቅ ሲፈጠር በላይኛው ዳርቻ ውኃው ዝቅ ይላል፣ በታችኛው ዳርቻ ከፍ ይላል። የውኃው ዝንባሌ በሺህ ሜትር 2 ሜትር ከሆነና ሐይቁ በፍሰቱ አቅጣጫ 500 ሜትር ከረዘመ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል የነበረው ልዩነት 1 ሜትር ነበር ማለት ነው። ሐይቁ መካከለኛውን ከፍታ ሲይዝ በላይኛው ጫፍ ግማሽ ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ በታችኛው ግማሽ ሜትር ይነሣል። ግማሽ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ጥልቀት የሌለው የእጅ ጉድጓድ ላለው ጎረቤት ግን በበጋ መጨረሻ ውኃ የማግኘትና የማጣት ልዩነት ነው፤ በታችኛው በኩል ላለው ደግሞ የጓሮ ዛፉ ሥር መበስበስና የቤቱ መሠረት መርጠብ ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ ሥዕሉ ይለወጣል። ደለሉ ወደ ታችኛው ዳርቻ እየተገፋ የጠጠሩን ክፍተት ስለሚደፍን የሐይቁ ውኃ መውጫ አጥቶ ወደ ላይኛው ከፍታ እየተጠጋ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት የተለካው ውጤት በሃያኛው ዓመት የሚሆነውን አይናገርም።

ሌላም አለ። አልሚዎች ለነዋሪ ሲያስረዱ ደጋግሞ የሚሰማ ክርክር ጉድጓዱ ከጠጠሩ ይልቅ ብዙ ውኃ ይይዛል የሚል ነው። በእርግጥ ይይዛል። አንድ ሜትር ኩብ ጠጠር በራሱ ስበት የሚለቀው ውኃ ከአምስት እጅ አንዱን ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ነው፤ ባዶው ጉድጓድ ግን ሙሉውን ይይዛል። ግን ያ ውኃ ከየት ይመጣል? ከዙሪያው መሬት ነው የሚመጣው። 10 ሄክታር ስፋትና ከውኃው በታች 8 ሜትር ጥልቀት ያለው ካባ 800 ሺህ ሜትር ኩብ ቁስ ወጥቶበታል፤ ከዚህ ውስጥ አራት አምስተኛው ድንጋይና ተጣብቆ የቀረ እርጥበት ቢሆን፣ ቦታውን ለመሙላት ወደ 640 ሺህ ሜትር ኩብ ውኃ ከአካባቢው ይሳባል። ቁፋሮው ለዓመታት የሚቀጥል በመሆኑ ስበቱም ለዓመታት ይቀጥላል፤ ጎረቤቶቹ ጉድጓዳቸው ሲጎድል በድርቁ የሚያሳብቡትም አንዳንዴ ይህንን ነው።

ከሞላ በኋላ ደግሞ ትነቱ ይጀምራል። በዴንቨር አካባቢ ከተገለጠ ውኃ ላይ በዓመት 1 ሜትር ገደማ ይተናል። ለ10 ሄክታር ሐይቅ ይህ 100 ሺህ ሜትር ኩብ ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢታሰብ ከ5 ሺህ ሰው በላይ ዓመቱን ሙሉ ያጠጣል። ሂሳቡን በሐቅ የሚሠራ ሰው በሐይቁ ላይ የሚዘንበውን ዝናብና ቀድሞ በቦታው የነበሩት ዛፎችና ሣሮች ይጠጡት የነበረውን ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ በደረቅ አገር ቀሪው ትልቅ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ጠጠር አውጪው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላም ትነቱ የማይቆም መሆኑ ነው። የኮሎራዶ ዳኞች ያዩት ይህንን ነው፤ ዕዳው ዘላለማዊ ከሆነ መክፈያውም ዘላለማዊ መሆን አለበት።

አንዳንድ አምራቾች በውኃ ውስጥ ከመቆፈር ይልቅ ውኃውን በፓምፕ አውጥተው በደረቅ ይሠራሉ። በዚህ ጊዜ በካባው ዙሪያ የውኃው ወለል ወደ ጉድጓዱ ይዘቅጣል። ምን ያህል ርቀት ድረስ? መሐንዲሶች ለፈጣን ግምት የሚጠቀሙበት የዚካርት ቀመር አለ፤ የውኃውን መውረድ በሜትር በ3000 ያባዛል፣ ያንን ደግሞ ጠጠሩ ውኃ በሚያሳልፍበት ፍጥነት ካሬ ሥር ያባዛል። ውኃው 5 ሜትር ቢወርድና ጠጠሩ በሰከንድ አንድ ሚሊሜትር የሚያሳልፍ ቢሆን ወደ 470 ሜትር ይደርሳል። ይህን ቁጥር በማመልከቻ ውስጥ የሚያነብ ባለሥልጣን እንዲጠነቀቅ አደራ እላለሁ። ቀመሩ ጊዜን አያውቅም፣ ዝናብን አያውቅም፣ አጠገብ ወንዝ መኖሩንም አያውቅም። ፓምፑ አምስት ወር ቢሠራም አምስት ዓመት ቢሠራም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። ለመነሻ ይጠቅማል፤ ከተወሰነ ርቀት ወዲያ ያለ ጎረቤት አይነካም ብሎ ለመፈረም ግን አይበቃም። ሌላው የሚዘነጋው የወጣው ውኃ መድረሻ ነው። ወደ ወንዙ ከተለቀቀ የአካባቢው መሬት ያጣዋል፤ በካባው ታችኛው ጎን በተቆፈረ ቦይ መልሶ እንዲሰርግ ከተደረገ ግን ጉዳቱ በብዙ ይቀንሳል።

ስለ ውኃው ጥራት ያለው ማስረጃ ሁለት ወገን አለው፤ ሁለቱንም መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአምስት የኦስትሪያ የጠጠር ሐይቆች ጥናት ሐይቆቹ በከርሰ ምድር ውኃ ላይ በጎም ክፉም ተጽዕኖ እንዳላቸው አሳይቷል። ከእርሻ ማዳበሪያ የሚመጣው ናይትሬት በሐይቁ ውስጥ በሚኖሩ ተክሎችና ባክቴሪያዎች አማካይነት ይቀንሳል፤ ኖራው ሲረጋም በውኃው ውስጥ ያለው መጠን ይቀንሳል። በሌላ በኩል የሐይቁ ውኃ በበጋ ይሞቃል፣ ሙቀቱም በታችኛው በኩል ወደሚገኙ ጉድጓዶች ይጓዛል፤ ሐይቁ በአልጌ ከተሞላ የሚበሰብሰው ነገር ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ያለ ኦክስጅን በሚፈስ ውኃ ውስጥ ደግሞ ብረትና ማንጋኒዝ ይሟሟሉ። ሐይቅ ውኃ ያጸዳል የሚለውም ሐይቅ ውኃ ያበላሻል የሚለውም ሐይቁን ሳያይ መናገር የለበትም። ዙሪያው እርሻ ነው ወይስ መኖሪያ? ጥልቀቱ ስንት ነው? ፍሳሽ ይገባበታል? መልሱ ያለው እዚያ ነው።

በአንድ ነገር ላይ ግን ማስረጃው አይከፈልም። ባዶውን ጉድጓድ በቆሻሻ መሙላት ጥፋት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓም በአሜሪካም እጅግ ብዙ የጠጠር ጉድጓዶች የከተማ ቆሻሻ መጣያ ሆነዋል፤ ጉድጓዱ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ፣ ከከተማም ስለማይርቅ። ከሥሩ ያለው ግን ውኃን በፍጥነት የሚያሳልፍ ጠጠር ነው። የግንባታ ፍርስራሽ እንኳ ጂፕሰም ካለበት ሰልፌት ይለቃል። መሙላት ግድ ከሆነ በንጹሕ የቁፋሮ አፈር ብቻ ነው፤ ስዊዘርላንዳውያን ደረቅ ካባዎቻቸውን በዚህ ሞልተው ወደ እርሻ ይመልሷቸዋል። ያም ቢሆን ከውኃው ወለል በታች ሸክላ አፈር ከተሞላ ጠጠሩ ውስጥ ይሄድ የነበረው ውኃ ግድብ ይገጥመዋል፤ ከላይ በኩል ይቆማል፣ ከታች በኩል ይደርቃል።

ይህ ወደ ቤንቶናይት ግድግዳ ይወስደናል፤ የዚህ ዳሰሳ እጅግ አስደናቂ ክፍል ይመስለኛል። ትነትን ለዘላለም መተካት ውድ መሆኑን ያዩ የኮሎራዶ አምራቾች ሐይቁን ከከርሰ ምድሩ ውኃ መለየት ጀመሩ። በካባው ዙሪያ አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቦይ ከሥር ካለው አለት ጋር እስኪገጥም ይቆፈራል፤ ቦዩ እንዳይደረመስ በቤንቶናይት ጭቃ ይሞላል፣ በመጨረሻም አፈርና ቤንቶናይት ተደባልቆ ይገባበታል። ቤንቶናይት ውኃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ ነው፤ ስለዚህ ግድግዳው ውኃ አያሳልፍም። ከዚያ በኋላ ጠጠሩ በደረቅ ይወጣል፣ ባዶው ጉድጓድም የውኃ ማጠራቀሚያ ይሆናል። የግዛቲቱ የውኃ መሐንዲስ ቢሮ ማጠራቀሚያው ከመጽደቁ በፊት የፍሳሽ ፈተና እንዲያልፍ ያስገድዳል። በሳውዝ ፕላት ዳርቻ ካሉት ብዙ ማጠራቀሚያዎች መነሻቸው ይህ ነው፤ ለከተሞቹም ከተራራ ላይ ግድብ ይልቅ በቀላሉ የሚገኝ የውኃ ጎተራ ሆነውላቸዋል።

የኮሎራዶዋ የኦሮራ ከተማ የዚህ ሁሉ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ድርቅ ክፉኛ የተጨነቀችው ከተማ ከሳውዝ ፕላት ዳርቻ ጠጠር ውስጥ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ውኃ እየሳበች፣ በቤንቶናይት ግድግዳ በታጠሩ የጠጠር ገንዳዎች ውስጥ አስርጋ እያጣራች፣ በ55 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ወደ ከተማዋ የምታመጣበትን የፕሬሪ ወተርስ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2010 መርቃለች። በኦሮራ የሚኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በቧንቧቸው ከሚመጣው ውኃ ከፊሉ ዛሬ በዚህ ጠጠር ውስጥ ያለፈ ነው። ጠጠሩን ጭነው ኮንክሪት ቢያደርጉት ኖሮ ማጣሪያው አይኖርም ነበር፤ ስለዚህ ይህች ከተማ ጠጠሩን ባለበት መተው ራሱን የቻለ ልማት መሆኑን በሥራ አሳይታለች።

ግድግዳው ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ውኃ በማያሳልፍ ግድግዳ የታጠረ ካባ በከርሰ ምድሩ ፍሰት መካከል የቆመ እንቅፋት ነው። በላይኛው ጎኑ ውኃው ይከማቻል፣ ምድር ቤቶች ይረጥባሉ፤ በታችኛው ጎኑ ረግረጉና ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ይጎድላሉ። አንድ ካባ ብቻውን ከሆነ ውኃው ዞሮ ያልፋል። አምስት ካባዎች ጎን ለጎን ከተደረደሩ ግን ሸለቆውን የሚዘጋ ግድብ ይሆናሉ። መፍትሔው ይታወቃል፤ በካባዎቹ መካከል ሰፊ የጠጠር መተላለፊያ መተው፣ ወይም በላይኛው ጎን የተበሳ ቧንቧ ቀብሮ ውኃውን ወደ ታችኛው ጎን ማሻገር። የሚያስቸግረው እያንዳንዱ አመልካች የራሱን ጉድጓድ ብቻ አስጠንቶ መምጣቱ ነው። ስድስተኛው ካባ ሲፈቀድ የቀደሙትን አምስቱን ደምሮ የሚያይ መንግሥት ከሌለ የማንም ያልሆነ ጉዳት ይፈጠራል። ካሊፎርኒያ በሊቨርሞር ሸለቆ ይህን አስቀድማ አስባበታለች፤ የአላሜዳ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ1981 ባጸደቀው አንድ የጋራ ዕቅድ የተለያዩ ኩባንያዎች ካባዎች ሲያልቁ በሰንሰለት የተያያዙ ሐይቆች ሆነው፣ ለሸለቆው የውኃ ድርጅት የከርሰ ምድር ውኃን መልሶ ለመሙያ እንዲተላለፉ ወሰነ። ከአርባ ዓመት በላይ አልፎታል፣ ሥራው ገና አላለቀም፤ እንዲህ ያለ ዕቅድ የሚለካው በትውልድ ነው።

ወንዝ ዳር የሚቆፈር ካባ ሌላ አደጋም አለው። በጉድጓዱና በወንዙ መካከል የተተወው ቀጭን መሬት በትልቅ ጎርፍ ሊቆረጥ ይችላል፤ ያኔ ወንዙ መንገዱን ቀይሮ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። በዋሽንግተን ግዛት የያኪማ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1996 ጎርፍ ይህን አድርጓል። ወንዙ የያዘውን ጠጠር ጉድጓዱ ውስጥ ያራግፍና ተርቦ ይወጣል፤ ከታች ያለውን የራሱን ወለል እየቆፈረ ድልድይ ያናጋል፣ ወለሉ ሲወርድም የዳርቻው የከርሰ ምድር ውኃ አብሮት ይወርዳል።

እንግዲህ ጥሩ የመልሶ ማልማት ዕቅድ ምን ይመስላል? በመጀመሪያ፣ ካባው ከመከፈቱ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት የተለካ ውኃ አለው። የውኃውን ዝንባሌ ለማወቅ ከሦስት ያላነሱ የመለኪያ ጉድጓዶች በሦስት ማዕዘን ይቆፈራሉ፤ በሁለት ነጥብ የፍሰት አቅጣጫ አይታወቅምና። የጎረቤት ጉድጓዶች ሁሉ፣ የእጅም ሆኑ የማሽን፣ ጥልቀታቸውና ውኃቸው ተመዝግቦ ባለቤቱም ቅጂ ይይዛል። የውኃው ወለል ከተወሰነ መጠን በታች ቢወርድ ሥራው የሚቆምበት ቁጥር ፈቃዱ ላይ ይጻፋል፤ «ጉዳት ቢደርስ አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አስቁሞ አያውቅም።

ለም አፈሩ ተገፍፎ ለብቻው ይቀመጣል፣ ሣር ይዘራበታል፤ ከጠጠር ግርዱ ጋር የተደባለቀ አፈር ዳግም አፈር አይሆንም። ቁፋሮው በክፍል በክፍል ይሄዳል፣ ሁለተኛው ክፍል ሲከፈት የመጀመሪያው ይለማል። ሐይቅ የሚቀር ከሆነ የዳርቻው ተዳፋት ሰው የሚገድል መሆን የለበትም። የኮሎራዶ ደንብ ከሚጠበቀው የውኃ መስመር 1.5 ሜትር ገደማ በላይ ጀምሮ እስከ 3 ሜትር ገደማ በታች ድረስ ተዳፋቱ ለሦስት ሜትር አግድም ከአንድ ሜትር ቁልቁል እንዳይበልጥ ያዛል። የወደቀ ሕፃን በእግሩ ተራምዶ እንዲወጣ የሚያስችል ልክ ነው። ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ለወፍና ለዓሣም ይመቻል፤ በቦልደር ካውንቲ የሚገኙት የዋልደን ኩሬዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከተተወ የጠጠር ካባ ተነሥተው ዛሬ የታወቀ የወፎች መኖሪያ የሆኑት እንዲህ ባለ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ዋስትና አለ። አምራቹ አንድ አካፋ ሳያነሳ፣ እሱ ቢጠፋ መንግሥት ሌላ ተቋራጭ ቀጥሮ ቦታውን ለማልማት የሚበቃውን ገንዘብ ያስይዛል። ኮሎራዶም ካሊፎርኒያም ይህን ያስገድዳሉ። ዋስትና የሌለው ዕቅድ ቃል ኪዳን ነው፤ ቃል ኪዳኑን የሰጠው ድርጅት ደግሞ ካባው ሲያልቅ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ አገራችን ስመለስ መሬቱ ሌላ መሆኑን አልዘነጋም። የአዲስ አበባ ጠጠር በአብዛኛው ከወንዝ አይመጣም፤ በየኮረብታው ካለው የባዛልት ካባ ተፈንድቶ፣ በክሬሸር ተፈጭቶ ነው የሚመጣው። በባዛልት ውስጥ ውኃ የሚሄደው በስንጥቅ ነው፤ ስለዚህ የዚካርት ቀመርም ሆነ የሐይቁ ዝንባሌ ሂሳብ እንዳለ አይሠራም። አንድ ስንጥቅ ሲቆረጥ ኪሎ ሜትር የራቀ ምንጭ ሊነጥፍ፣ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ግን ላይነካ ይችላል። ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ የሚታዩት የቀይ አሽ ኮረብቶች ደግሞ እንደ ጠጠር ሁሉ ውኃን በፍጥነት የሚያሰርጉ ናቸው፤ የአቃቂ የጉድጓድ መስክ ለአዲስ አበባ የሚሰጠው ውኃ የሚገኘውም ከእንዲህ ያለ ቀይ አሽና ከተሰነጣጠቀ ባዛልት ነው። እነዚህን ኮረብቶች ለመንገድና ለብሎኬት ስንቆርጥ፣ የተቆረጠውንም ጉድጓድ ለቆሻሻ ስንተው በምን ላይ እንደምንጫወት ማወቅ አለብን።

የሳውዝ ፕላትን ጠጠር የሚመስለው የወንዝ አሸዋችን ነው። በቆላው አገር በጋ ላይ ደርቆ የሚታይ ወንዝ በአሸዋው ውስጥ ውኃ ይዟል፤ አርብቶ አደሩ ጭሮ የሚያወጣው ያንን ነው፣ በቦረና የአሸዋ ግድብ የሚሠራውም አሸዋው ውኃ እንዲይዝ ተብሎ ነው። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን አንድ ሲኖትራክ ከወንዝ ወለል አሸዋ ሞልቶ ሲሄድ ከ3 ሺህ ሊትር በላይ ውኃ ከፀሐይ ተጠብቆ የሚቀመጥበትን ቦታ ይዞ ይሄዳል። ጎርፍ አሸዋውን መልሶ ያመጣል፤ የሚያመጣው ግን በራሱ ፍጥነት ነው፣ በመኪናው ፍጥነት አይደለም። ካወጣነው ያነሰ ከመጣ የወንዙ ወለል ይወርዳል፣ የዳርቻው ጉድጓዶችም ይከተሉታል።

ሕጉ አለን። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ለአካባቢ መልሶ ማገገሚያ ገንዘብ መመደብን ይጠይቃል፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ግምገማውን አስገዳጅ አድርጎታል። የግንባታ ማዕድናትን ፈቃድ የሚሰጡት ክልሎች ናቸው። ሆኖም በከተሞቻችን ዳርቻ ያሉትን አሮጌ ካባዎች ያየ ሰው የሚያገኘው ገደል ነው፤ ክረምት ሲሞላ ሕፃናት የሚሰጥሙበት፣ ሲጎድል የወባ ትንኝ የሚራባበት፣ በበጋ ቆሻሻ የሚደፋበት። ፈቃዱ ጊዜው አልቋል፣ ኃላፊነቱም አብሮ አልቋል። ችግሩ የሕግ እጥረት አይመስለኝም። ዋስትናው በእጅ ሳይያዝ ቁፋሮ ስለሚጀመር፣ የውኃው ልክም ቀድሞ ስለማይታወቅ ነው። ልኬት በሌለበት ምንጩ የደረቀበት ገበሬ ካባው እንዳደረቀበት ማስረዳት አይችልም፤ ካባውም ንጹሕ ቢሆን ንጹሕነቱን ማስረዳት አይችልም።

ስለዚህ ለፈቃድ ሰጪ ቢሮዎች የማቀርበው ልመና ሁለት ነው። የሁለት ወቅት የውኃ ልኬት ያልተያያዘበት የካባ ማመልከቻ አትቀበሉ፤ የዋስትናው ገንዘብ ባንክ ሳይገባም አንድ ገልባጭ አይውጣ። በአካባቢያችሁ ካባ ሊከፈት መሆኑን የሰማችሁ ነዋሪዎች ደግሞ ቢሮውን አትጠብቁ። በመስከረም ጉድጓዱ ሲሞላ፣ በግንቦት ሲጎድል፣ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ገመድ ከአንድ ቋሚ ምልክት ወደ ውኃው አውርዳችሁ ርዝመቱን ለኩ፤ ቀኑንና ልኩን በደብተር ጽፋችሁ በሁለት ምስክር አስፈርሙበት። ልኬቱ የሚጠቅመው ካባው ከመከፈቱ በፊት ከተጀመረ ነው።